ሰው የሌለበት ቢሮ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቆንጥር» ነበር የሚሏት፤ የነካት ሳይቧጨር አይመለስም ለማለት ነው። እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች። በባንኩ የብድር ክፍል ስትሠራ ጠጉሯ ሸብቷል። ደንበኞቿ ከድንበር ማዶ ያሉ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ አናጢዎች፣ የአዝራር ፋብሪካ ያላት አንዲት መበለት ነበሩ። አገሮቹ በአንድ የንግድ ማኅበር ስለታቀፉ፣ ባንኩ እዚህ ባወጣው ፈቃድ እዚያም እንደ ልቡ ይሠራ ነበር።

ኋላ አገሯ ከማኅበሩ ወጣች፤ ፈቃዱም ድንበሩ ላይ ቆመ። ቆንጥር ማዶ ላለ ሰው ደውላ ስለ ብድር ማማከር እንኳ ተከለከለች። መበለቲቱ ራሷ ደውላ «ምን አጠፋሁና ነው ድምፅሽን ያጠፋሽብኝ?» አለቻት።

ባንኩ አንድ ዘዴ ዘየደ፤ ማዶ አዲስ ኩባንያ አቋቁሞ የዚያን አገር ፈቃድ መጠየቅ። ሥራ አስኪያጁ አስጠርቷት የአዲሱ ኩባንያ ኃላፊ አንቺ ነሽ አላት፤ ደሞዝ ይጨመርልሻል፣ ከወንበርሽም መነሳት የለብሽም ሲል አባበላት። ቦታውን ሳላይ አልፈርምም ብላ ባቡር ተሳፈረች።

ያገኘችው ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነው። በሩ ላይ የባንኩ ስም ያብረቀርቃል። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ገመዱ ያልተሰካ ስልክ ብቻ። ብድሩ የሚወሰነው እንደ ድሮው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ለማዶው ቢሮ የተፈለገው ስሟ ብቻ ነበር።

ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። ነገሩን ስታጫውተው፣ «ፈርሚና ተገላገይ። ስም እንደሆነ ከመቃብር በላይ ይውላል» ብሎ ሳቀ።

«መቃብርስ ቢሆን ውስጡ ሰው አለ» አለችው።

ለሥራ አስኪያጁም ቁርጡን ነገረችው። «ሰው ይቀጠር፣ ብድሩም እዚያው ይወሰን፤ እኔም እዚያው ሄጄ እቀመጣለሁ። አለዚያ ስሜን አያንሱብኝ።»

ሌላ ሰው ፈረመ። እሷ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተወረወረች። የሥራ ባልደረቦቿ ከሩቅ ሰላም ይሏት ጀመር። እሷም ለበዓል የምትለብሰውን ልብስ እየለበሰች፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን እያንኳኳች አቧራው ውስጥ ትወርዳለች። አንገቷን ትደፋለች ብለው የጠበቁ አፈሩ።

የማዶው አገር የባንክ ተቆጣጣሪዎች ቢሮውን ሊያዩ ሄዱ። ቢያንኳኩ የሚከፍት ጠፋ። ብቅ ያለችው የጥርስ ሐኪሙ ነርስ ነበረች፤ እዚያ ቤት ሰው ሲገባ አይቼ አላውቅም አለቻቸው። ፈቃዱ ተከለከለ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ እስኪለይለት አልጠበቁም፤ ወደ ሌላ ባንክ ሄዱ።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ በእግሩ ምድር ቤት ወረደ። እሷ የድሮውን ቃሏን ደገመችለት፤ ስድስት ሠራተኛም ጠየቀች። አራት ሰጧት። ፈቃዱ ወጣ።

አሁን ሳምንቱን ማዶ ትውላለች፤ እሑድ ባሏ ጥፍሩ ውስጥ የገባው ግራሶ ሳይለቅ ሊጠይቃት ይመጣል። መበለቲቱ ተመልሳለች። ብዙዎቹ ግን እንደወጡ ቀርተዋል፤ ያ ያንገበግባታል።

ሰሞኑን ሥራ አስኪያጁ ደውሎ፣ አንድ ብድር እኛ ጨርሰነዋልና ፈርመሽ ላኪው አላት። አንብባው አላሳመናትም። አልፈርምም አለች።

«ለመሆኑ እኔን ማን አድርገሽኝ ነው?» አለ።

«አለቃዬ ነዎት። እዚህ የሚፈረመውን የማነበው ግን እኔ ነኝ።»

ስልኩን አስቀምጣ፣ በር ላይ የቆመውን ባለጉዳይ ይግቡ አለችው።