ያልሞተ ሰው ተዝካር

የታሰርኩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የጻፍኩትም ራሴ ነኝ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ፣ «ሙሴ ባሕር ይሻገራል» ብዬ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የነበረው ኅዳር ነው። ሁለት ፖሊሶችና አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው ከማስተምርበት ክፍል አስጠርተው ወደ ተከራየኋት ቤት ወሰዱኝ። ፍራሼን ገለበጡ፣ መዝገበ ቃላቴን አራገፉ፣ ከሳጥኔ ውስጥ ደብተሩን አወጡ። ሲቪል የለበሰው ሰው ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ያችን መስመር አገኘ፤ ጣቱንም እዚያው ላይ አቆመ።

«በል ተነሥ፣ መምህር» አለኝ። ቆሜ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ቀርተዋል፤ ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ፀሐይ ዘወር ስትል ደግሞ የመንዝ ብርድ በበሩ ሥር ሰተት ብሎ ይገባል። ጥግ ላይ የበግ ፀጉር ባና የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«እግዚአብሔር ያስፈታህ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። ንጹሕ ነበር። እስረኛ እግሩን በምን ውሃ ይታጠባል?

መጠራጠር ድሮም አመሌ ነው። እንቁላል ጆሮዬ ላይ ሳልነቀንቅ ገዝቼ አላውቅም። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይል ነበር፤ አስተማሪዎች እንኳ ሻይ ስንጠጣ ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የምናወራው።

ስለ ደብተሩ ልናገር። ከማስተምርበት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ወጣ ብሎ ባለ አጥቢያ የጽዋ ማኅበር ነበረኝ። አባላቱ ገበሬዎች ናቸው። ጽዋው ከተጠጣና ከተጸለየ በኋላ ስለ ዘር እንነጋገራለን፤ አንዱ ማገ የተባለውን ገብስ፣ ሌላው ጥቁሩን፣ ሌላው ልጅ ሆኖ የቀመሰውንና ከገበያ የጠፋውን በየጎታው ይጠብቃል። ውርጭ የአንዱን ቢፈጀው ከሌላው ይወስዳል። እኔ መሬት ስለሌለኝ ጸሐፊ አደረጉኝ። የማኅበሩ ሰብሳቢ በአገሩ ልማድ ሙሴ ይባላል፤ አንዴ ሙሴ ከሆነ በስሙ የሚጠራው የለም።

ከምርጫው በፊት አንድ ቀን በአንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኩል ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፉት የህንድ፣ የማሊና የብራዚል ገበሬዎች ናቸው። ዘራችንን በየዓመቱ ከኩባንያ እንድንገዛ እየተደረግን ነው፣ የእህላችንን ዋጋ አይተነው የማናውቀው ሰው ይቆርጣል፣ የእጃችን ሥራ ከመርከብ በሚራገፍ ርካሽ ዕቃ ተሸነፈ ይላሉ። ሌላ መንገድ እንዳለ ለመነጋገር ከየአገሩ ተራ ሰዎች ተሰብስበው ይመክራሉ፤ እናንተም አንድ ሰው ላኩ ነው የሚሉን። በማኅበሩ ፊት በአማርኛ አነበብኩት። ባና እየሠሩ ቀየት ገበያ የሚሸጡ አንድ እናት እስከ መጨረሻው ሰምተው፣

«እነዚህ ሰዎች ቀየት ገበያን መቼ አዩት?» አሉ።

ሙሴ ይሂዱልን ተባለ። ይኼኔ አንዱ ቀልደኛ «ሙሴ ባሕር ይሻገራል!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ጻፍኩት። ቀልድና ቃለ ጉባኤ የማይለይ ጸሐፊ አጋጥሟችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።

መርማሪው ወጣት ነበር፤ ከዞን የመጣ ነው ይባላል። አይጮህም። ደብተሩን በፊቱ ዘርግቶ በዝግታ ይጠይቃል።

«ባሕሩ የትኛው ነው?»

«ከአገር ውጭ መሄድ ለማለት ነው። ስብሰባው ሩቅ ስለሆነ የተቀለደ ቀልድ ነው።»

«ቀይ ባሕር አይደለም?»

በዚያ ዓመት ቀይ ባሕር ማለት አሥመራ ማለት ነው፤ አሥመራ ማለት ደግሞ ጠመንጃ ማለት ነበር። ደብዳቤው ስለ ዘር መሆኑን ነገርኩት። ደብዳቤውን አንብቦታል። ያላመነው እሱኑ ነው፤ የመንዝ ገበሬ ከብራዚል ገበሬ ጋር የሚያገናኘው ምን ጉዳይ አለ?

«ሙሴ ማነው?»

«የጽዋ ማኅበር ሰብሳቢ ሙሴ ይባላል።»

«እሱን እናቴም ታውቃለች። ስሙን ነው የጠየቅኩህ።»

ያን ስም አልሰጠሁትም። ሙሴያችን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ደረታቸው የታመመ ነው፤ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሄዱ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ቢተኙ አንድ ሳምንት አይቆዩም ነበር። ደብተሩ ላይ የአጥቢያውም የሰውም ስም አልነበረም። የጠፋው ነገር አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያለውም እኔ አፍ ውስጥ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሽማግሌው ምን ብለው እንደታሰሩ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። አገራቸው በራቤል በኩል ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ምርጥ ዘር ብላችሁ ያመጣችሁት ገብስ ውርጭ አይችልም፤ የአባቶቻችንን መልሱልን» አሉ። ሕዝብ ቀስቅሰዋል ተባሉ።

ይኼን ስሰማ ይብሱን ጠረጠርኳቸው። እኔ በዘር ጉዳይ ታስሬ፣ አጠገቤ በዘር ጉዳይ የታሰረ ሰው? በልክ የተሰፋ ነገር አልወድም። በዚያ ላይ በየጠዋቱ ፖሊሱ ይጠራቸዋል፤ ይወጣሉ፤ ቆይተው እግራቸው ታጥቦ ይመለሳሉ። የት ነበሩ ብዬ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አይናገሩም።

ኅዳር ሚካኤል እዚያው ደረሰብን። ከቤታቸው የመጣላቸውን ዳቦ በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የቲማቲም ጣሳ ውሃ ሞሉ።

«ዛሬ ማኅበሬ ጽዋ ላይ ነው» አሉ። «እኛም እዚሁ እንጠጣ። ያንተስ ማኅበር የማን ነው?»

የኔም የሚካኤል ነበር። በዚያችው ሰዓት ሙሴያችን ዳቦ እየባረኩ ነው።

«ማኅበር የለኝም» አልኩ።

«እንግዲያውስ የክርስትና ስምህን ንገረኝ። በጸሎት ላስብህ።»

«ረሳሁት።»

ሰው የክርስትና ስሙን ይረሳል? ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። ጣሳውን ዘረጉልኝ። አልጠማኝም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ብቻቸውን አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ብቻቸውን ጠጡ።

በማግሥቱ ከምርመራ ስመለስ «ምን አሉህ?» አሉኝ። ያኔ ብልጠት መጣልኝ። ለሳቸው ብቻ የምነግራቸው ውሸት መርማሪው አፍ ላይ ከተገኘ፣ እንግዲያው ሰውየው ጆሮ ጠቢ ናቸው።

«ስለ ሙሴያችን ይጠይቁኛል። እሳቸው ግን አምና ሐምሌ ሞተዋል» አልኳቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉ።

ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት እሳቸው ተጠሩ፤ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ሻይ ሻይ ይሸታሉ። ወዲያው እኔ ተጠራሁ።

መርማሪው ደብተሩን ዘግቶታል።

«ሙሴ ሞቷል ለምን አላልከኝም?»

አገኘኋችሁ፣ አልኩ በሆዴ። ቂም ሲጣፍጥ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ማን ነገረዎት?» አልኩ።

«ያ ሽማግሌ በሚካኤል ምሎ ነው የተናገረው። ቀብሩም ላይ ነበርኩ፣ ተዝካሩንም በልቻለሁ ይላል። ጠላው ቀጥኖ ሰው እንዳማ እንኳ ሳይነግረኝ አልቀረም። ስሙን ብጠይቀው ከሙሴ በቀር ሌላ ስም አናውቅለትም አለ።» ትንሽ ሳቀ። «የሞተ ሰው ባሕር አይሻገርም። ሂድ።»

መጋዘኑ ድረስ ያሉትን እርምጃዎች አስታውሳቸዋለሁ። ሙሴያችን በሕይወት አሉ። በሕይወት ያለ ሰው ተዝካር አይበላም። እኔ የጣልኩት አንዲት ውሸት ነበረች፤ እሳቸው ቀብር ጨምረውላት፣ ድግስ ደግሰውላት፣ መሐላ አትመውባት አስረከቡልኝ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው በሚካኤል በሐሰት ሲምል ምን እንደሚከፍል አውቃለሁ። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ስገባ ባናቸውን ተከናንበው እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል። አንድ አስተማሪ ጓደኛዬ ያመጣልኝን ዳቦ ከፌስታሉ አውጥቼ በሁለት እጄ ያዝኩላቸውና፣

«ሙሴ፣ ይባርኩልኝ» አልኳቸው።

«ሙሴ ሞተ አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ማኅበር የለኝም ብለኸኝ፣ በማግሥቱ ሙሴያችን ሞቱ አልክ። ኧረ ልጄ! ውሸት ስትዋሽ አንዱን ያዝ እንጂ!»

«ምለውልኛል።»

«ምን ላድርግ? ከልጁ አፍ የሰማኸውን ካመጣህልኝ ቤትህ ትገባለህ አለኝ። ሻይም አስመጣልኝ። የሰማሁትን አመጣሁለት።» ባናቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ንስሐ እገባበታለሁ። አንድ አረጋዊ እዚህ ሲሚንቶ ላይ ከሚወድቅ ይሻላል።»

«ጠዋት ጠዋትስ የት ነው የሚሄዱት?»

«ውሃ ያስቀዱኛል እንጂ! ምንጩ ላይ እግሬን ታጥቤ እመለሳለሁ። አንተ የት መስሎህ ነው?»

ዳቦውን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግኩላቸው።

ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ቀኑ ሚካኤል አልነበረም፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። ከጣሳው መጀመሪያ እሳቸው ተጎነጩ፣ ከዚያ ሰጡኝ። ጨርሼ ልመልስላቸው ስል እጄን ገፋ አደረጉት።

«ያዘው። ጽዋውን የወሰደ የሚመጣው ወር ተረኛ ነው።»

ጣሳውን አቀፍኩት። ከዚያ ሳልጠየቅ የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ደጋግመው በከንፈራቸው አሉት፤ እንዳይጠፋባቸው ነው። የሳቸውን ነገ እጠይቃለሁ አልኩ። እንደ መርማሪ በጥያቄ ላይ ጥያቄ መደርደር ነውር መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃ ሊቀዱ በሄዱበት መኪና መጣና ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰደኝ። ጣሳውን ያዝኩ፤ ፖሊሱ ቆሻሻ መስሎት ዝም አለኝ።

በስድስተኛው ወር ተፈታሁ። ስብሰባው ያለ እኛ ተደርጎ ነበር። ሙሴያችን የሆነውን ሁሉ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ተዝካሬን የበላ ሰው ዘመዴ ነው፤ ፈልጋችሁ አምጡልኝ» አሉ። ራቤል ገበያ ሁለት ጊዜ ወጣሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ? ባና የለበሰ ሽማግሌ ብል ገበያው በሙሉ ዞር ይላል። ስለ ገብስ ተናግሮ የታሰረ ብል ደግሞ ጆሮ ጠቢ መስዬ ሁሉም ይሸሸኛል።

ሙሴያችን ከዓመታት በኋላ በአልጋቸው ላይ አረፉ። ጥቁሩ ገብስ ከጎታቸው ወጥቶ በየቤቱ ተዘርቷል፤ ከባሕር ማዶ ካሉት ገበሬዎችም አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይመጣል፤ አሁን በእኔ ፈንታ የምታነበው የሙሴያችን የልጅ ልጅ ናት። የእውነቱ ተዝካር ሲደገስ ጠላው ቀጭን እንዳይሆን አደራ አልኩ። የሳቁት ነገሩን የሚያውቁት ብቻ ናቸው።

ያን ዕለት ለንስሐ አባቴ አንድ ሌላ ሰው በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለመንኳቸው።

«የክርስትና ስማቸው ማነው?»

«አላውቅም።»

«አርፈዋል ወይስ በሕይወት አሉ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላንሳቸው?»

«ሙሴ ይበሏቸው» አልኩ።

ጣሳው አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ሥሩ ዝጓል። በራቤል በኩል በአንድ አጥቢያ፣ በሕይወት ካሉ፣ ስሜን እየጠሩ የሚጸልዩልኝ ሰው አሉ። ተረኛው ግን እኔ ነበርኩ።