አሞራው ተሳፋሪ የሆነ ቀን

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ፍርሃትን የት እንዳስቀመጠው ይረሳል። ከከተማዋ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ያንን ረጅም ቁልቁለት ስንት ሺህ ጊዜ ወርዶታል፤ በአንድ እጁ የአውቶቡሱን መሪ ይዞ፣ በሌላው ሬዲዮኑን እየነካካ። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም ትተው “አሞራው” ያሉት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ጎረምሶች ግጥም ሳይቀር አውጥተውለት እያጨበጨቡ ያዜሙታል፦

ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ እንደ አሞራ ክንፍ፣
መሪ ይዞ እኮ ነው፣ ሰማይ የሚቀዝፍ።

ግጥሙን ይወደው ነበር። ብቻውን ሲሆን ያንጎራጉረዋል።

በአርባ ስምንት ዓመቱ፣ እሱና ሚስቱ ተስፋ ቆርጠው ስለ ልጅ ማውራት ካቆሙ በኋላ፣ ልጅ መጣች። አራት ወር ሲሞላት ሚስቱ፣ “ይቺ ልጅ እኮ ዓለም ማለት የእኛ ኮርኒስ ይመስላታል። ሐይቁን እናሳያት” አለችው። የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ማዘያውን ራሱ ደረቱ ላይ አሰረና ሕፃኗን ከተተ። ትንፋሿ በሸሚዙ ቁልፎች መካከል እየገባ ይሞቀው ነበር።

የዚያን ቀን አውቶቡሱን የሚነዳው ድሮ የእሱ ረዳት የነበረ፣ አሁን ጺሙን ያንዠረገገ ሰው ነው። “ጋሼ አሞራው፣ ና ከኋላዬ ተቀመጥ” አለው። “ዛሬ እንኳ እንደ ሰው መስኮት እይ።”

አየ። ሜዳው በጠዋት ጤዛ ያበራል፤ ዛፎቹ ተራ በተራ ብቅ እያሉ እጅ ነስተው የሚያልፉ ይመስላሉ። ሚስቱ፣ “ያን ሁሉ ዓመት ይሄን ስታይ ኖረህ ነው ምንም ያልነገርከኝ?” አለችው። አስፋልቱን እንጂ ሌላ አይቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ሞተሩም ድምፁን ዋጠ።

ያቺን ጸጥታ ያውቃታል። ሌላው ተሳፋሪ መኪናው የተንሳፈፈ መስሎት ይደሰትባታል። እሱ ግን ከጀርባው ጀምሮ ቀዘቀዘ።

“ምን ሆነሃል? በላብ ተጠመቅህ እኮ” አለች ሚስቱ።

“ማርሹን አውጥቶ በባዶ ለቆታል። አሁን የያዘን ፍሬኑ ብቻ ነው።”

“አንተስ እንዴት ነበር የምትወርደው?”

ወደ ሾፌሩ ጆሮ ጎንበስ አለና፣ “ማርሽ አስገባ” አለ።

ሾፌሩ በመስታወት እያየው ሳቀ። “ጋሼ፣ አረጀህ እንዴ? ‘ቁልቁለት ነዳጅ አይጠጣም፣ ልቀቀው’ ያልከኝ ማን ነው?”

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ዘንቢል ያቀፈች ነጋዴ ሴትዮ፣ “ልጅ የያዘ ሰው እሹሩሩ ይላል እንጂ ሾፌር አያስተምርም” አለች።

ጨርቅ ሲያርር የሚመስል ሽታ መጣ፤ ከመጠን በላይ የጋለ የፍሬን ሸራ ነው። የሾፌሩ እግር ፍሬኑን ሲረግጥ፣ ደግሞ ሲረግጥ አየ። ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ሾፌሩ ሳቁን አቆመ፤ አንገቱ ተገተረ። ከፊታቸው ጠባቡ ኩርባ፣ ከኩርባው ማዶ ሰማይ ብቻ።

ልጅቷ ተኝታለች። ልቧ ከልቡ ላይ እንደ ጫጩት ትር ትር ይላል። የእሷን ያህል የሚያስፈራ ነገር በሕይወቱ ተሸክሞ አያውቅም።

“ስማኝ” አለ፤ አውቶቡሱ ሁሉ ሰማው። “ተሳስቼ ነው ያስተማርኩህ። እስከ ዛሬ ያወጣኝ ዕድሌ ነው እንጂ ጉብዝናዬ አይደለም። ነዳጅ ስጠውና ሦስተኛ አስገባ። አትደናገጥ።”

ማርሹ አንገራገረ፤ አልገባ አለ። ሚስቱ እጇን በሕፃኗ ጭንቅላት ላይ ጫነች። በሁለተኛው ሙከራ ገባ። ሞተሩ እንደ ቆሰለ አውሬ ጮኸ፣ ሰዉ ወደ ፊት ተወረወረ። “አሁን ሁለተኛ። ወደ ተራራው ጥግ፣ ወደ ጠጠሩ።” አውቶቡሱ ጎኑን ከአፈሩ ግድግዳ ጋር እየፋቀ፣ እያዘገመ፣ ኩርባው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከጎማዎቹ ጢስ ይወጣል። ተሳፋሪው ወርዶ ሣሩ ላይ ተበተነ፤ ነጋዴዋ ዘንቢሏን ረስታ ነበር የወረደችው። አሞራውም ወርዶ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ያኔ ነቃች። ነፋስ ሽፋሽፍቷን ሲነካው ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች፣ አንዲት የሣር ዘለላ አፍንጫዋ ሥር ስትወዛወዝ አይታ ሳቀች። እሱ ግን በሁለት እጁ እንደያዛት ነው፤ ሚስቱ ልትቀበለው ብትል አልለቀቀም።

ሾፌሩ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። “ጋሼ፣ የቀረውን አንተ ንዳው።”

“ይሄ እጅ መሪ ይይዛል?” ሁለቱ እጆቹ ማዘያውን እንደጨበጡ ነበሩ። “ሲበርድ ፍሬኑን ፈትሸህ አንተው ንዳ። እስከ ታች በሁለተኛ። ቢሰድቡህም በሁለተኛ።”

ፍሬኑ በርዶ መያዝ እስኪጀምር ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቁ። ከዚያ ሙሽራ እንደያዘ በቅሎ እየተጎተቱ ወረዱ። ቀልድ ያነሣ አልነበረም፤ ነጋዴዋ ብቻ ጎንበስ ብላ፣ “አይዞህ ወንድሜ” አለችው።

ሐይቁ ዳር ሚስቱ የልጅቷን እግር ውሃ አስነካች። ልጅቷ ጣቶቿን ዘረጋች፣ ሰበሰበች፣ ደግማ ዘረጋች። እሱ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ዳገቱን ያያል።

“በቃ፣ ተንፍስ አሁን” አለችው ሚስቱ። “ስንመለስ እኮ ዳገት ነው። ዳገት ማንንም አያንሸራትትም።”

ከላይ፣ መጀመሪያው ኩርባ ላይ፣ አንድ ቀይ አውቶቡስ በፀሐይ ብልጭ ብሎ መውረድ ጀመረ።

“እኛማ እንወጣለን” አለ ዓይኑን ሳይነቅል። “የሚወርዱት ግን በእኛ ላይ ነው የሚመጡት።”

“እና?”

“ከሾፌሮቹ ግማሾቹን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።”