አድራሻ ያጣው ስለት

ፎርድስበርግ ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ። ከመጋረጃዎቹ መሀል ባለወርቅ ዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ከነላስቲኩ ተሰቅሏል። ለሠርግ ያማራቸው የዙሉ ሴቶች ዋጋውን ሲጠይቁ «ኖት ፎር ሴል፣ ሲሲ» ይላሉ። የትራስ ልብስ ልገዛ የገባሁት እኔ ብጠይቃቸው ደግሞ «የስለት ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አያስገቡትም?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። አምና ከማኅበራቸው ጋር የግብፅን ገዳማት ሊሳለሙ ሄደው ነበር፤ በመጨረሻው ቀን አንድ አስጎብኚ ሉክሶር ያሉትን የፈርዖኖች መቅደሶች ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሲሳለሙ የሰነበቱት ሴትዮ እዚያም እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ መቃኑን ስመው፣ አልቅሰው ተሳሉ። ቀና ሲሉ የጭልፊት ራስ ያለው ሰውዬ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ያያቸዋል።

«አስጎብኚው ቤተ ጣዖት መሆኑን የነገረኝ ከሳምኩ በኋላ ነው» አሉ። እስካሁን ይቅር ያሉት አይመስሉም።

«እንግዲያው ይተዉት። ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው።»

«ሰመረ እኮ ነው ችግሩ።»

ስልካቸው ጮኸ። የእኔን ትራስ ልብስ ጣል አድርገው አነሱት። «ወዬ ልጄ። ያን ሁሉ ዓመት ድምፅህን አጥፍተህ፣ አሁን ደግሞ በየቀኑ እየደወልክ ገበያዬን ልትዘጋው ነው?» ይቆጣሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል።

ሲጨርሱ፣ «የንስሐ አባትዎን ለምን አይጠይቋቸውም?» አልኳቸው።

ጃንጥላውን ወደ መጋረጃዎቹ ገፋ አድርገው ከለሉት።

«ከጣዖት የተቀበልሽውን መልሺ ቢሉኝስ?»