ታጣፊው ቢላ ለማን ነበር?

አውሮራ ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ሱቅ፣ የዕቃ ማከማቻው ክፍል ውስጥ ካርቶን እየቀደድኩ ዕቃ አወጣለሁ። በፊት የምጠቀምበት ሃቫና ስትሪት ካለ ነዳጅ ማደያ የገዛሁት ተራ ሰንጢ ነበር። አንድ ቀን ወፍራም ካርቶን ስቀድበት ስለቱ ድንገት ታጠፈና አመልካች ጣቴን ቆረጠኝ። ጣቴ ተሰፋ። አለቃዬ ተጠንቀቂ ከማለት ሌላ ምንም አልተነፈሰም። ሲሻለኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደህና ታጣፊ ቢላ ልገዛ ቆረጥኩ።

ባለቤቴ ቢላ የሚሸጥ ጥሩ ሱቅ አውቃለሁ ብሎ ቅዳሜ ሊትልተን ወሰደኝ። ሻጩ ጸጉሩ የሸበተ፣ ትሁት የሚመስል ሰው ነው። ገና ስንገባ ምን ልርዳህ አለው ባለቤቴን። ባለቤቴ ለእሷ ነው ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰውየው ፈገግ አለና ከመስታወቱ ሥር የጣት ርዝመት ያላት ሮዝ ቢላ አወጣ። ለቦርሳ ትመቻለች አለ። ይህንንም የነገረው ለባለቤቴ ነው።

ቀኑን ሙሉ ካርቶን እንደምቀድ፣ የምፈልገውም ከተከፈተ በኋላ መቆለፊያው የማይከዳ ቢላ እንደሆነ አስረዳሁት። የምናገረው እንግሊዝኛ ለማንም ይገባል። እሱ ግን እኔ የጠየቅኩትን ሁሉ ለባለቤቴ ይመልሳል፤ ስለ መቆለፊያው፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ አሳሳሉ። እሱስ ይሁን፣ የማያውቀኝ ሰው ነው። ያቃጠለኝ የራሴው ሰው ነበር። ቤት ውስጥ ሽንኩርት እንኳ ከትፎ የማያውቀው ሰው አገጩን እያሻሸ በአዋቂ ደንብ ራሱን ይነቀንቃል። ጭራሽ፣ ትንሿ ትበቃታለች አለው።

 ድምፄን ሳላነሳ በአማርኛ፣ "ጣቱ የተሰፋው አንተ ነህ?" አልኩት።

"አሁን ምን አጠፋሁ?"

"ውጣና መኪና ውስጥ ጠብቀኝ።"

ወጣ። ሻጩ ቃሉ ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ የሚያናግረው ሰው ስላልነበረ እኔን ማናገር ግድ ሆነበት። የወንድ ናቸው ብሎ ያለፋቸውን ቢላዎች ሁሉ አስወጣሁት። በአንድ እጄ እየከፈትኩ፣ ደንደሳቸውን ጠረጴዛው ላይ እየተጫንኩ ይታጠፉ እንደሆነ ሞከርኩ። አንደኛው ቀጭ ብሎ ከተከፈተ በኋላ ብጫነው ንቅንቅ አላለም፤ እጀታውም መዳፌን ሞላው። አይከብድሽም ወይ አለኝ። የሚሸከመው የእኔ ኪስ ነው ብዬ ገዛሁት።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ፣ ሰውየው ክፋት እንደሌለው፣ እኔ ነገር እንደማበዛ ነገረኝ። ሞንትቤሎ ሰፈር፣ እናቱ ቤት በር ላይ ፓርክ አደረገ። ገና ከመቀመጡ ለእናቱ ስሞታውን አቀረበ፤ ሰንጢ ገዝታ በሰው ፊት አዋረደችኝ አላቸው። ሰንጢ የዱርዬ ነው ብለው ይቆጡኛል ስል፣ ከመጀመሪያው እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቢላውን ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"የጠየቀችው እሷ፣ የምትሠራበትም እሷ። አንተ ምን ቤት ነኝ ብለህ ነው የምትመልስላት?"

 ባለቤቴ እስካሁን ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልረሳሁትም። ቢላው በየቀኑ ከእኔ ጋር ሥራ ይገባል፤ አንድም ቀን አልታጠፈብኝም። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የሩዝ ከረጢት አልከፈት ብሎት፣ እስቲ ያንን ቢላሽን አለኝ።

መቀስ መሳቢያው ውስጥ አለ አልኩት።