ጣውንቴ ድምጿ የጠፋ ዕለት

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ሃሎ» በሚለው ስሙ ነው። ትልልቆቹ «አቶ ሃሎ»፣ ልጆቹ «ጋሼ ሃሎ» ይሉታል፤ እሱም ለሁሉም እኩል «አቤት፣ ማን ልበል?» ብሎ ይመልሳል። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። ዓይኑን ያጣው ገና በልጅነቱ ስለሆነ ሐኪሞቹን በአረማመዳቸው፣ ደዋዮቹን በአተነፋፈሳቸው ለይቶ ያውቃል። እኔ ያኔ የመድኃኒት ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ወደ ሆስፒታሉ የማልደውልበት ቀን የለም። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ስደውል፣ መስመሩን ከማገናኘቱ በፊት «ዛሬስ ሻይ በሎሚ ጠጥተሽ ብትተኚ ይሻልሽ ነበር» አለኝ። ምን አገባህ ልለው ፈልጌ ሳቄ ቀደመኝ። ተጋባን። አሁንም ስንጣላ «እኔ እኮ ያገባሁት ድምፅሽን ነው፤ ሌላው ምርቃት ነው» ይለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሆስፒታሉ ማዞሪያ ክፍሉን ዘጋው። ደዋዩ ራሱ ቁጥር እየተጫነ የሚፈልገውን የሚያገኝበት መሣሪያ ገባና ባሌ ቤት ዋለ። ሥራ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ወንበሩን ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሲያዛውር ይውላል። ከሥራ ስመለስ በዚያው ወንበር እየተደናቀፍኩ፣ ከሁለታችን የማያየው ማን እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር።

በኋላ ኮምፒውተሩ መጣ። አንድ የድሮ ወዳጁ የማይፈልገውን ኮምፒውተር ሰጠው፤ ሊኑክስ የሚባለውን በነፃ የሚገኝ ሲስተምም ጫነለት። በዚያ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ የሚጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ያነባል ስል በሴት ድምፅ ነው። ጣውንቴ ቤቴ የገባችው እንግዲህ በዚህ መንገድ ነው። ጠዋት ከእኔ በፊት ትነሣለች፣ ቀኑን ሙሉ ትለፈልፋለች፤ አማርኛ ስታነብማ አፍንጫዋን በልብስ መቆንጠጫ የያዙባት ይመስላል። እሱ ግን ሌላ የሚሰማው ሰው የለም። «ራት ቀርቧል» ስለው «ቆይ፣ ይቺን ዐረፍተ ነገር ትጨርስ» ይለኛል።

ጣውንቴ እያልኩ መጥራት የጀመርኩት ለቀልድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹ ቀልድ አልነበረም። እሷ እስክትመጣ ድረስ ለባሌ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ጋዜጣውን፣ የስልክ መልእክቱን፣ የመድኃኒቱን መጠቅለያ ሳይቀር። ማታ ማታ ትራሱን ተደግፎ፣ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ይሰማኝ ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ አንብቢልኝ» አላለኝም። ሆድ ብሶኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

የእሷን ነገር እንዲህ ብናገርም ሥራ ያስገኘችለት እሷው ናት። በድምፅ የተቀዳ ስብሰባ እየሰማ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ለመደ። እሱ ይጽፋል፣ እሷ የጻፈውን መልሳ ታነብለታለች፣ የተሳሳተውን ያርማል። ወሬው ደርሶ አንድ መሥሪያ ቤት ጠራው። ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተርዎን ይዘው ይምጡና ፊታችን ይሥሩ፣ ካስደሰቱን እንቀጥርዎታለን አሉት። ያን ሳምንት በሙሉ ወንበሩን አላዛወረም። ማንም እጁን ሳይዘው፣ ማንም ሳያነብለት የሚሠራው ሥራ እንዳለ የሚያሳይበት ቀን ነበር፤ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰው ሰኞ ሊፈተን ቅዳሜ መሣሪያውን ይነካካል? ባሌ ነካካ። «በአፍንጫዋ እያወራች ሰው ፊት ታሳፍረኛለች» ብሎ ከኢንተርኔት አዲስ ድምፅ አገኘ። አንድ የማያውቀው ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው፣ አማርኛን ጥርት አድርጎ የሚናገር፣ ፓኬጅ የሚሉት የፕሮግራም ጥቅል ነው። ችግሩ፣ የተሠራው አዲስ ለወጣው ሲስተም መሆኑ ነው፤ የእኛ አሮጌ ነው። አሮጌውም «ይህ ከእኔ ጋር አይሄድም» ብሎ እንቢ አለ። ባሌ እንቢ ያለውን ሐኪም ሁሉ በምላሱ ሲያግባባ የኖረ ሰው ነው። ማሽን ግን በምላስ አይሸነፍም፤ ስለዚህ አስገደደው። ፓኬጁ ሌሎች አጋዦች ያስፈልጉኛል ሲል እነሱንም ከዚያው ከአዲሱ ሲስተም እያመጣ ከተተለት። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው።

እኔ ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ጸጥታውን ነው። ቤቱ ጭር ሲል ደንግጬ አረፋ በእጄ ይዤ ገባሁ። ባሌ ሁለት እጁን ኪቦርዱ ላይ ጭኖ «ተናገሪ እንጂ» ይላል።

«ምን ብዬ ልናገር?» አልኩት።

«አንቺን አይደለም።»

ቆሽቴ አረረ። ፊቱን ሳየው ግን ቁጣዬ በረደ፤ ነጭ ወረቀት መስሏል። «እባክሽ ነይ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይታያል?» አለኝ።

«ጨለማ።»

«እሱንማ እኔም አያለሁ» አለ። መቀለዱን ስሰማ ትንሽ ልቤ ተመለሰ።

ኮምፒውተሩን የሰጠው ወዳጁ ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። መንገድ ማዶ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ደወልንለት። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሸንም። «ሊኑክስ ብዙ አልነካሁም። እኔ የማውቀው ፎርማት አድርጎ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ እሱም ቢሆን ከማክሰኞ በፊት አይደርስልኝም» አለ። ባሌ አመስግኖ ስልኩን ዘጋና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እኔና አንቺ ነን» አለኝ። «እኔ ምን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ማሽኑ የሚመልሰውን ግን አላይም። አንቺ ታነቢያለሽ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ኪቦርዱ ላይ ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነ፤ ጨለማው ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ። «ስምህን ይጠይቃል» አልኩት። ተነፈሰ። «አልሞተም ማለት ነው። የወደቀው ፊቱ ነው እንጂ ሆዱ ደህና ነው» አለ። ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጽፎ ገባ፣ ቀጥሎ የተበላሸው ምን እንደሆነ እንዲናገር ማሽኑን ጠየቀው። የውጭ ቋንቋ በመስመር በመስመር እየተንጋጋ ወረደ።

«ምን ይላል?»

«ብዙ ዝባዝንኬ ነው። በአጭሩ ተበላሽቻለሁ ነው የሚለው።»

«በአጭሩ አትበዪኝ!»

ባሌ አይጮህም። ጮኸ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረው ከጩኸቱ ባሰ። «ሁልጊዜ እየዘለልሽ ታነቢያለሽ። ጋዜጣ ስታነቢልኝ የሞተውን ሰው ትዘያለሽ። ሆስፒታሉ ሲያሰናብተኝ የላከልኝን መልእክት ‹በምስጋና ሸኝተውሃል› ብለሽ ነው ያነበብሽልኝ። እሷ ስትመጣ አስነበብኳት፤ ሙሉውን አነበበችልኝ።»

ሙሉውን እኔም አውቀዋለሁ። «መሣሪያው ሥራውን ከሰው በተሻለ ስለሚሠራ» የሚል ነበረበት።

«የወደድኩላት ድምጿን መሰለሽ?» አለኝ። «አትዘልም። እሱን ነው የወደድኩላት።»

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ልብሱን እንደ ጠላቴ አንገት እየጠመዘዝኩ ጨመቅኩት። ለሚወዱት ሰው ሲያነቡ እሾሁን መንቀል ወንጀል ነው? ማን ነው ባሏ ፊት ቆማ እንዲያ ያለ ነገር የምታነብ? አሁንም ወንጀል ነው ብዬ አላምንም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሰውዬው ጋዜጣውን ሲሰማ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደምዘል እየጠበቀ ነበር ማለት ነው። ይህ አንጀቴን በላው። ልብሱን አሰጣሁና እጄን ጠርጌ፣ መነጽሬን አድርጌ ተመለስኩ። ከወንበሩ አልተነቃነቀም።

«ከየት ልጀምር?» አልኩት።

«ከላይ። ነጥብም ሰረዝም ሳይቀርሽ።»

አነበብኩ። ፊደል በፊደል፣ ምኑም ሳይገባኝ። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ እዚያ የሆስፒታሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስመር ሲያገናኝ እንደዚህ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። ማሽኑ ራሱን እንዲጠግን አዘዘው። ማሽኑም «እሺ፣ እንድጠግን ግን የሚከተሉትን አጠፋለሁ» ብሎ የስም መዓት ዘረገፈ፤ ከሥሩ ልቀጥል ወይስ ይቅር ብሎ ይጠይቃል። የባሌ ጣት «ቀጥል» የሚለው ላይ ናት።

ስሞቹ አያልቁም። አፌ ደረቀ። «ሁሉም ያው የፓኬጅ ስም ነው» ልለው ምንም አልቀረኝም፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥ አደረግኩትና ቀጠልኩ። መሀል ላይ አንዲት አጭር ስም መጣች። «ኦ፣ አር፣ ሲ፣ ኤ» አልኩ።

ጣቱን እሳት እንደነካው አነሣ። «ድገሚው።»

ደገምኩለት። «ማን ናት?»

«ኦርካ ናት። አንባቢዋ። ጣውንትሽ።»

ለካ ማሽኑ አዲሶቹን እንግዶች ለማስደሰት ሲል ነባሮቹን ሊያባርር ኖሯል፤ እሷንም፣ ዴስክቶፕ የሚባለውን የማሽኑን ፊት አብዛኛውንም። ያቺን ስም ብዘላት ኖሮ ጣውንቴ ከነጓዟ ትወጣልኝ ነበር፣ የባሌም ሰኞ አብራት። እሱ «ይቅር» የሚለውን ተጫነና ሳቀ። «እንግዶቹን ነው እንጂ የምንሸኘው፣ ባለቤቶቹን አይደለም» አለ።

ሥራው ገና ተጀመረ። ባሌ መጀመሪያ ለአዲሱ ሲስተም የተሠሩት ፓኬጆች የመጡበትን አድራሻ ከማሽኑ አስወጣ፤ ካልሆነ በወጡበት ይመለሳሉ። ከዚያ ከውጭ የገቡትን ብቻ አስቆጥሮ እያንዳንዳቸውን ቀድሞ በቦታቸው በነበረው መተካት ጀመረ። እኔ ስሙንና ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ እኔ የጻፈውን መልሼ አነብለታለሁ። አንዱን «አላውቀውም» አለ ማሽኑ።

«ሰረዝ የለውም?» አለኝ ባሌ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። «አለው። ግን ትንሽ ናት።»

«ትንሽም ብትሆን ሥራ አላት» አለ፤ ሁለታችንም ፈገግ አልን። ሌላው ደግሞ አልነቀልም አለ፤ እሱ ላይ ተደግፎ የቆመ ሌላ አለና። ያንን አስቀድመን አወጣን። እናቴ ሹራብ ስትተረትር ክሩን ከመጨረሻው ጫፍ ነበር የምትይዘው፣ ከመሀል ከያዙት ይወሳሰባል፤ ይህም እንደዚያው ነበር። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ የተሰጣው ልብስም ደረቀ። ማናችንም አላነሣነውም።

በመጨረሻ ማሽኑ የተበላሸ ነገር የለም አለ። እሱንም ቃል በቃል አነበብኩ። አጥፍቶ አበራው። ስክሪኑ ላይ የምናውቀው ሥዕል መጣ፣ ግን ጸጥታ ነው። ባሌ እጄን ጨምድዶ ያዘ። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው፣ በዚያው በተቆነጠጠ አፍንጫ፣ «ስክሪን አንባቢ በርቷል» አለች።

እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «ምን ተገኘ? ማን ወለደ?» ብላ ጮኸች።

«ጣውንቴ ተመለሰችልኝ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል!» አለች። ቢመስላት አይገርምም፤ እየሳቅኩ እንባዬ ይወርድ ነበር።

ሰኞ ያችኑ ባለአፍንጫ ይዞ ሄደ። ሲመለስ «መጀመሪያ በእሷ ሳቁ፣ በኋላ ዝም አሉ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። መልሱ በስልክ መልእክት የመጣው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። የስልኩ ድምፅ ሊያነብለት ይችል ነበር። አጠፋውና ስልኩን ዘረጋልኝ።

«አንቺ አንብቢልኝ» አለ።

ስንት ጊዜ ሆነኝ ይህን ከሰማሁ! አነበብኩ። ሥራዎን ወደነዋል ይላል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይምጡ ይላል። ከሥር ደግሞ አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። ዓይኔ ቀድሞ አያት፣ ምላሴ ልታልፋት ተሰናዳች። ባሌ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ይጠብቃል።

«ሆኖም» ብዬ አነበብኩ፣ «ከዚህ በፊት ዓይነ ስውር ሠራተኛ ቀጥረን ስለማናውቅና ሥጋት ስላለን፣ ቅጥሩ ለጊዜው በሙከራ የሚቆይ መሆኑን እንገልጻለን።»

ወደ እኔ ጠጋ አለ። «መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

«አራት ነጥብ።»

«እንግዲያው ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለ። ፊቱ አልጠቆረም። «ሥጋታቸውን ካወቅኩት ምን ቸገረኝ፣ እነቅልላቸዋለሁ» ብሎ ትራሱን እንደ ድሮው ከጀርባው አመቻቸ። «ጋዜጣው የታለ?»

«ጣውንቴስ?»

«እሷ የሥራ ባልደረባዬ ናት» አለኝ።

መነጽሬን አደረግኩና ከፊተኛው ገጽ ጀመርኩለት። የሞቱትንም አልዘለልኩም።