የሩፋኤል ዝናብና የአሥራተ ማርያም አሸንዳ

አሥራተ ማርያም ጉድጓዱን የቆፈረው ለሚስቱ ጉልበት ብሎ ነው። ይህን ግን ለሰው አይናገርም። የጠየቀውን ሁሉ «ለጎመኑ ነው፤ ለጊደሯም ይሆናል» እያለ ይሸኛል። ስድሳ ሦስት ዓመቱን ይዞ ሚስቴ አሳዘነችኝ ብሎ ቢያወራ ለወር የደቦ መሳቂያ እንደሚሆን ያውቃል።

ቤታቸው በደሃና ወረዳ ከአንድ ተረተር ጫፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ነው። መብራትም ቧንቧም አልደረሰውም፤ ይደርሳል የሚለው ወሬ ግን በየዓመቱ ይደርሳል። ምንጩ ያለው ታች ከገደሉ ሥር ነው። ለመውረድ አንድ ሰዓት፣ ውሃ ተሸክሞ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መንገዱን አህያ እንኳ እምቢ ብሏል፤ ከፍየልና ከሴት በቀር የሚደፍረው የለም። ሚስቱ ማንጠግቦሽ መጀመሪያ በእንስራ፣ ኋላ በቢጫ ጀሪካን፣ ሠላሳ አራት ዓመት ወጣችው። ካቻምና ጉልበቷ አበጠ። ወጌሻ አሸው፣ አልተሻለውም። እሷ ግን በመቀነቷ ጠፍራ እያሰረች መውረዷን አልተወችም።

አንድ ቀን አሥራተ ከደጅ ቆሞ ስትወጣ አያት። አንድ እርምጃ ትራመድና ድንጋይ ትይዛለች፤ ሌላ እርምጃ ትራመድና ቆማ ትተነፍሳለች።  በማግስቱ ዶማውን አነሳ።

ከኅዳር እስከ ግንቦት ቆፈረ። አምስት ክንድ ሲወርድ ውስጡን በጭቃ ለቅልቆ ጥቁር ወፍራም ላስቲክ አለበሰው፤ ከላይ በእንጨት ከደነው። ዓረብ አገር ያለው ልጃቸው ንጋቱ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶላቸው ነበርና አሥራተ በጣሪያው ጠርዝ አሸንዳ ገጠመ፤ የአሸንዳውንም አፍ በቱቦ ከጉድጓዱ አገናኘው። የውሃውን ከፍታ የሚለካበት ዘንግ ጠርቦ በየስንዝሩ ምልክት ቆረጠበት። አሥር ስንዝር ከሞላ እስከ ሰኔ ያደርሳቸዋል፤ ማንጠግቦሽም ገደሉን አትወርድም። ልፋቱ ሁሉ ለዚህ ነበር።

ክረምቱ ግን አልተባበረውም። ሐምሌ ዘግይቶ ገባ። ነሐሴ በሻደይ ሰሞን ደህና ጣለ፤ ከዚያ በኋላ ደመናው እየመጣ ደጃቸውን እያየ ያልፍ ጀመር። ጳጉሜን ሲገባ ዘንጉ የረጠበው እስከ ሰባት ነው። ሦስት ስንዝር ይቀራል፤ ሦስት ስንዝር ማለት የሦስት ወር ውሃ ነው።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። የዚያን ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው፤ ሕፃን አዋቂው ከቤት ወጥቶ ይመታበታል፣ ለታመመም በዕቃ ይቀበልለታል። ከቀትር በኋላ ከጽጽቃ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አሥራተ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ዋኔዎች ሲያርፉበት፣ ሲኮሱበት የከረመ ቆርቆሮ ነው። ጠበሉ በዚያ ላይ ወርዶ ጉድጓድ ሊገባ ነው። ከገባ ደግሞ ከሰባቱ ስንዝር ጋር ይቀላቀልና ሁሉም ጠበል ይሆናል። ከዚያስ? ጨርቅ ይታጠብበታል። ጊደሯ ትጠጣዋለች። ከእርሻ የመጣ ሰው የእግሩን ጭቃ ያጥብበታል። በጠበል እግር መታጠብ!  መሰላሉን አስጠጋና የአሸንዳውን አፍ ከቱቦው ነቀለው።

ዝናቡ ወረደ። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መሃል ደጅ ላይ ቆመች፤ ፊቷን ወደ ሰማይ ሰጠችው። እሱም አጠገቧ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ዝናብ አልጣለም። ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ እንደ ክንድ ወፍሮ መሬቱን ቦረቦረ፣ ጎመኑን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ገደሉ ይዞት ሄደ።

ሲያባራ እየሳቀች ወደ ጉድጓዱ ሄደች። «ስንት ደረሰ?»

«ሰባት።»

«ይሄ ሁሉ ዘንቦ?»

የተነቀለውን አሸንዳ አሳያት፤ ምክንያቱንም ነገራት። ስለ ዋኔዎቹ፣ ስለ ጊደሯ፣ ስለ እግር። ማንጠግቦሽ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እና ሩፋኤል ደጃችን ድረስ ያመጣልንን አንተ መለስከው?» አለችው። የራሰ ነጠላዋን ጨምቃ ቤት ገባች። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠብ ያለ ነገር የለም። እየቆጠቡ ቢጠቀሙም በመጋቢት መጨረሻ ዘንጉ ደርቆ ወጣ። ማንጠግቦሽ መቀነቷን ስታጠብቅ አሥራተ ቀድሟት ጀሪካኑን አነሳ።

«ወዴት ነው?»

«ምንጭ።»

«ወንድ ጀሪካን አዝሎ? ኧረ ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል።»

ሰው ያሻውን አለ። ምንጩ ላይ ተራ የያዙት ሴቶች ሲያዩት ዞረው ተያዩ። መጀመሪያ ያነጋገረችው የማዶ ጎረቤቱ ምራት አገኘሁሽ ናት።

«አያ አሥራተ፣ ምነው በደህናዎ? ከብት ጠፋብዎ?»

«ውሃ ልቀዳ ነው።»

ሳቁ። በአማርኛ ተረቡት፤ ተረቡ ሲግል በኽምጣኛ ቀጠሉበት። ኽምጣኛ የእናቱ ቋንቋ ነውና አንድም አላመለጠውም፤ ቢያመልጠው በወደደ። ውሃው ከተቀዳ በኋላ ግን ጀሪካኑን ከጀርባው ጋር አመቻችታ፣ ገመዱን ደረቱ ላይ እንዴት እንደሚይዝ ያሳየችው ያችው አገኘሁሽ ናት።

መንገዱ ገና ሳይጋመስ ሸክሙ ከበደው። ከመንገዱ ዳር፣ በወገብ ልክ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየና ሸክሙን ሊያሳርፍበት ጀርባውን አዞረ።

«እዚያ አይደለም፣ አያ አሥራተ» አለችው አገኘሁሽ ከኋላው። «ያ የማንጠግቦሽ ነው። እዚህ መንገድ ላይ ሁላችንም የየራሳችን ማረፊያ አለን። እሷ ባትመጣም አንነካባትም።»

አሥራተ ዞሮ ድንጋዩን አየው። ጠርዙ የእንስራና የጀሪካን ሸክም ሲያርፍበት ኖሮ ጎድጉዷል፣ ለስልሷልም። ሠላሳ አራት ዓመት ከአንድ መሶብ በልተው፣ ሚስቱ በዚህ ገደል ላይ የራሷ ድንጋይ እንዳላት አያውቅም ነበር። አፈረ። ዓይኑ ውሃ ሞላ፤ ላብ አስመስሎ በክንዱ ጠረገው። ሳያርፍ ወጣ፤ ደጁ ሲደርስም ስለ ድንጋዩ አልነገራት።

እስከ ሰኔ ድረስ እሱ ወረደ፣ እሱ ወጣ። በዐቢይ ጾሙ መጨረሻ ለንስሐ አባቱ ለቄስ ገብረ አምላክ የአሸንዳውን ነገር አንድ ሳያስቀር ተናገረ። 

«ዝናቡ እርሻህ ላይስ አልወረደም?» አሉት ቄሱ።

«ወርዷል።»

«በሬዎችህ ሲረግጡት ምን አልካቸው?»

አሥራተ ራሱን አከከ።

«ንስሐ ልሰጥህ ነበር» አሉ ቄሱ፣ ሳቃቸው እያመለጣቸው፤ «ግን ቀድመህ በገደሉ ጀምረኸዋል። እሱኑ ጨርስ።»

ዘንድሮ ክረምቱ ደህና ነበር። ጳጉሜን ሁለት ዘንጉ ዘጠኝ አሳየ። አሥራተ በዚያ ቀን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ጠረገ፣ አሸንዳውን በጨርቅ ወለወለ፣ የቱቦውን መጋጠሚያ በላስቲክ አጥብቆ አሰረ። በማግስቱ ሰማዩ ሲጠቁር መሰላሉ ዘንድ ዝር አላለም። ከሚስቱ ጋር ደጅ ቆሞ ተመታ፤ አሁን ዓይኑን አልጨፈነም። ቱቦው ውሃውን እየጎረሰ ሲያጉረመርም በደስታ ይሰማ ነበር። ሲያባራ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

ማንጠግቦሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ስትጨምቅ፣ አሥራተ ከጉድጓዱ አንድ ባልዲ ቀድቶ በሳፋ ይዞላት መጣ። ፊቷ በርከክ አለ።

«እግርሽን አምጪ» አላት።

ደነገጠች። «በጠበሉ?»

«በጠበሉ።»

ያመነች አልመሰለችም፤ ቢሆንም እግሯን ዘረጋችለት። አሥራተ መቀነቷን ከጉልበቷ ላይ ፈታ፤ ውሃውን በመዳፉ እየዘገነ፣ ቀስ እያለ፣ ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ አጠባት።