የጨው ፌስታል

ማንኩሳ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ ተረት የሚነግሩን የእናቴ አባት ነበሩ። መሪጌታ ናቸው፤ እኛ አባባ እንላቸዋለን። ቀኑን ለደቀ መዛሙርት ቅኔ ሲያስተምሩ ይውሉና ሲመሽ የምድጃውን ፍም በእንጨት ጫፍ እየቆሰቆሱ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ያወሩልናል። ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ የኩራዙ ብርሃን ከአባባ ጉልበት አያልፍም፤ ያኔ ግን የእሳቸው ድምፅ ካለ የቤቱ ጥበት አይታወቀኝም ነበር። የታወቀኝ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የእማማ የሻረግ ላም በሞተች ሳምንት ነው።

እማማ የሻረግ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ላም በቀር ከብት አልነበራቸውም። እናቴ ታማ ጡት መስጠት ባቃታት ጊዜ ወንድሜን ያሳደገው የዚያች ላም ወተት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቅል ሙሉ በአጥሩ ላይ ያቀብሉን ነበር።

በትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነበር። የሚመሩት መምህር አዳነ የሚባሉ ወጣት፣ ሱቅ ስንላክ ዘንቢል እንድንይዝ፣ ፌስታልን አጥበን ደግመን እንድንጠቀምበት፣ የተቀደደውንም ሜዳ ላይ እንዳንጥል ሳይሰለቹ ያስተምሩናል። አርብ አርብ ከገበያው መንገድ ፌስታል እንለቅምና በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ራቅ ብሎ በተቆፈረው ጉድጓድ እንቀብራለን። እኔ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአንዱ አርብ ከረጢቱን ማድረስ የእኔ ተራ ሆነ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነጎድጓዱ ቀርቧል፣ ጓደኞቼ ወደየቤታቸው ሮጠዋል። ጉድጓዱ ሩቅ ነው፤ ከግጦሹ ዳር ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ግን እዚያው አጠገቤ ነበር። ከረጢቱን ዘቅዝቄ ቦረቦሩ ውስጥ አራገፍኩትና ሮጥኩ። አብዛኛው ጨው የተሸጠበት ፌስታል ነበር። ሰኞ የክበቡ መዝገብ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ «ተቀብሯል» ብዬ ጻፍኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የእማማ የሻረግ ላም መብላት ተወች። ማመንዠክ አቆመች፣ ሆዷ ተነፋ። የእንስሳት ሐኪሙ ዘይት ቢያጠጣትም በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቆዳዋ ሲገፈፍ ሐኪሙ ጨጓራዋን ቀደደውና የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ እርስ በርሱ የተተበተበ ፌስታል ጎትቶ አወጣ። ከብት ጨው የነካውን ሁሉ ይልሳል፣ እየላሰ ይውጠዋል አለ። እማማ የሻረግ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው አዩት።

እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ፌስታሉ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ እኔም አላውቅም። ይህ ሊያቀልልኝ ሲገባ ይብስ አሰረኝ። አጥፍቻለሁ ብዬ ልናገር ብል እርግጠኛ አይደለሁም፤ አላጠፋሁም ብዬ ልረፍ ብል ቦረቦሩ ከፊቴ አይጠፋም።

በዚያው ምሽት እማማ የሻረግ እኛ ቤት መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። አባባ ሐዘናቸውን ሊያስረሷቸው ተረት ጀመሩ። ግቢው እንዲጸዳለት የሚወድ አንድ ሰው ነበር አሉ። የተሰበረውን ገል፣ የሞተውን አይጥ፣ የተመነጠረውን እሾህ ተሸክሞ ይወጣና እጁን እያራገፈ ይመለሳል። ሚስቱን «ጥዬው መጣሁ» ይላታል፤ እሷም ሁልጊዜ «ማን ላይ?» ትለዋለች። በጥያቄዋ እየሳቀ ሲኖር፣ አንድ ቀን እሾሁን በጣለበት መንገድ የገዛ ልጁ ተወግቶ ሰዎች ተሸክመው አመጡለት። ያን ቀን ሚስቱ ምንም አልጠየቀችውም።

አባባ የቅኔ ሰው ናቸውና ቃሉን ማገላበጥ ያዙ፤ ጣለ ማለት ወረወረም ነው፣ በትግል አሸነፈም ነው እያሉ። ዓይናቸው ፍሙ ላይ ነበር፤ እኔን የሚያዩ ግን መሰለኝ። በአንድ ጎኔ እማማ የሻረግ፣ በሌላው ግድግዳው፣ ከፊቴ እሳቱ፤ ያኔ ተነስቼ የምወጣበት ቦታ አጣሁ።

መምህር አዳነ ወሬውን ሰምተው ያንን የተተበተበ ፌስታል ከሐኪሙ ወሰዱት። ሰኞ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ለተማሪው ሁሉ እንድናገር የመረጡት እኔን ነበር። ጎረቤታቸውም ነሽ፣ የክበቡም ጸሐፊ ነሽ አሉኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት መናገር ነበረብኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ ያው የደበቅኩት ነገር ነበር። እማማ የሻረግም ተጋብዘው ከመምህራኑ አጠገብ ቆመዋል። «አንዳንድ ግዴለሽ ሰዎች» ብዬ ጀምሬ የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ተጨበጨበልኝ፤ ደብተር ተሸለምኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ እማማ የሻረግ ቤት ሄድኩ። ከሌላ ጎረቤት ያገኙት ወተት ውስጥ ጣታቸውን እየነከሩ፣ የሞተችው ላም የተወቻትን ጥጃ ያስጠቧታል። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ከረጢቱን፣ ዝናቡን፣ መዝገቡን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጣታቸውን ደግመው ወተቱ ውስጥ ነከሩ።

«ልጄ፣ የጨዉን ፌስታል እኔም ከደጄ ነው የምወረውረው» አሉ። «የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

አለቀስኩ። ያለቀልኝ መስሎኝ ልወጣ ስል፣ ጥጃዋን እያሻሹ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ለእነዚያ ልጆች ግን እንዲህ አልነገርሻቸውም።»

በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገም ሌላ ነገ እያመጣ ዓመቱ አለቀ። መምህር አዳነ ተዛወሩ፤ እማማ የሻረግ ጥጃዋን ይዘው ፈረስ ቤት ከተማ ወዳለችው ልጃቸው ሄዱ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተምራለሁ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብም እመራለሁ፤ እኛም አርብ አርብ ፌስታል ለቅመን ጉድጓድ ውስጥ እንቀብራለን። የላሚቱን ታሪክ ለዓመታት ስነግር «አንዲት ልጅ» እያልኩ ነበር። አምና ግን ቦረቦሩ ጋ ስደርስ «ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» አልኩ። አንዲት ተማሪ ከኋላ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ያለፈውን አርብ ከረጢት እኛም ጉድጓዱ ጋ አላደረስነውም።»

የት እንዳራገፉት ጠየቅኳት፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አለችኝ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ አብረን ስንለቅም ቆየን፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም።

እማማ የሻረግ ፈረስ ቤት በሕይወት አሉ ይሉኛል። ሄጄ «በመጨረሻ ለልጆች ነገርኳቸው» ልላቸው ስንት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ የተመለስኩበትም ቀን አለ። እሳቸው ያሉኝ ግን ስለ ዛሬዎቹ ተማሪዎቼ አልነበረም። ያን ሰኞ ያጨበጨቡልኝ ልጆች አድገው፣ ወልደው፣ በየአገሩ ተበትነዋል፤ ስለዚያች ላም የሚያውቁትም እኔ ያነበብኩላቸውን ብቻ ነው።